ዓይን የለቀቀውን አእምሮ ሲይዝ

የተከበራችሁ የኢዲዶ አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ የቡና ማኅበሩ አባላት፣ ተማሪዎች፤ መግቢያ አላበዛም። በቀጥታ ወደ ሥራ እንግባ።

ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ። «ሀ» የሚለውን ፊደል በሐሳባችሁ ሳሉት። ድምፁን ተዉት፤ መልኩን ብቻ ያዙ። አሁን ገልብጡት፤ ታቹ ላይ ይምጣ፣ ላዩ ታች ይውረድ። ምን ሆነ?

«በ» ያላችሁ ልክ ናችሁ። አንድ ልጨምር። «ሐ»ን በሦስት እግሩ አቁሙትና እሱንም ገልብጡት። እግሮቹ ወደ ሰማይ ሲያዩ «ሠ» ይሆናል። ፊደል ላልቆጠራችሁ እናቶችና አባቶች ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ፦ ከደጃችሁ ተነሥታችሁ ይርጋጨፌ ገበያ እስክትደርሱ ድረስ ስንት ጊዜ ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ? ከንፈራችሁ ዝም አለ፤ ዓይናችሁም ተጨፍኗል፤ ግን አንዳንዶቻችሁ ጣታችሁን ስታንቀሳቅሱ አይቻለሁ። መንገዱን እየሄዳችሁበት ነበር።

እስካሁን «ሀ ሲገለበጥ በ ይሆናል» ብሎ ያስተማራችሁ የለም። መልሱ የትም ተጽፎ አልተቀመጠላችሁም። ፊደሉን ከረጅም ጊዜ ትውስታችሁ አወጣችሁት፣ ለጥቂት ሰከንድ ያዛችሁት፣ አዞራችሁት፣ ከዚያ የሠራችሁትን መልሳችሁ አያችሁት። ይህ ሁሉ የተሠራበት ስፍራ ነው የዛሬው ጉዳያችን። የሥነ ልቦና ሊቃውንት የሥራ ትውስታ ይሉታል፤ እኔ ዛሬ የምናገረው ከእሱ ውስጥ መልክንና ቦታን ስለሚይዘው ክፍል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አለን ባድሌይና ግራሃም ሂች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች አንድ ጥያቄ አነሡ። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሊቃውንት የአጭር ጊዜ ትውስታ አንድ ማጎሪያ ነው ብለው ያስቡ ነበር፤ ያየነውም የሰማነውም ለጥቂት ጊዜ አንድ ላይ የሚገባበት። ባድሌይና ሂች ግን ሰዎችን ቁጥር እያስደጋገሙ ሌላ የአእምሮ ሥራ አሠሯቸው። ማጎሪያው አንድ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ሲሞላው ሌላው ሥራ መቆም ነበረበት። አልቆመም። ዘገየ እንጂ ቀጠለ። ከዚህ ተነሥተው የሥራ ትውስታ ክፍሎች አሉት አሉ። አንዱ ድምፅን ይይዛል፤ የስልክ ቁጥር ተነግሯችሁ እስክትደውሉ ድረስ በሆዳችሁ የምትደጋግሙበት ነው። ሌላው መልክንና ቦታን ይይዛል፤ የንድፍ ሰሌዳ አሉት፤ እኔም ዛሬ ሰሌዳ እያልኩ እጠራዋለሁ። በሁለቱ ላይ ደግሞ ትኩረትን የሚያከፋፍል አንድ ተቆጣጣሪ አለ። ባድሌይ በ2000 አራተኛ ክፍል ጨመረ፤ ድምፁንና መልኩን፣ አሁን የያዝነውንና ድሮ የምናውቀውን አንድ ላይ የሚያስተሳስር ነው።

ድምፅና መልክ የተለያየ ስፍራ እንዳላቸው ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን ከዚህም ቀድሞ የተሠራ ሙከራ ነው። ሊ ብሩክስ የተባለ ተመራማሪ በ1968 ለሰዎች «ኤፍ» የሚለውን የላቲን ፊደል በወፍራም መስመር ስሎ አሳያቸውና ወሰደባቸው። ከዚያ ከአንዱ ማዕዘን ተነሥተው በሐሳባቸው ዙሪያውን እንዲሄዱ፣ የደረሱበት ማዕዘን ከላይ ወይም ከታች ጫፍ ላይ ከሆነ «አዎ»፣ ካልሆነ «አይደለም» እንዲሉ ጠየቃቸው። አንዳንድ ጊዜ መልሱ በአፍ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ወረቀት ላይ ተበታትነው በተጻፉ ምልክቶች ላይ በጣት በማመልከት። በአፍ ሲመልሱ ቶሎ ጨረሱ። በጣት ሲያመለክቱ ተንገላቱ፤ ጣታቸውን ለመምራት ወረቀቱን ማየት ነበረባቸው፣ ያ ዕይታ ደግሞ በውስጣቸው የሳሉትን ፊደል እየገፋ አስወጣው። በመልኩ ፋንታ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘው እያንዳንዱን ቃል ስም ነው አይደለም እንዲሉ ሲጠየቁ ነገሩ ተገለበጠ፤ አሁን አፍ ዘገየ፣ ጣት ቀደመ።

ይህን ያዙልኝ፤ ዓይን ከዓይን ጋር ይጋጫል፣ ድምፅ ከድምፅ ጋር ይጋጫል። ዓይንና ድምፅ ግን ጎን ለጎን መሥራት ይችላሉ። ከዚህ በኋላ የምላችሁ ነገር ብዙው ከዚህ የሚመነጭ ነው።

አሁን ወደ ሰሌዳው ስፋት ልምጣ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ሲገልጥ ዓለምን ሙሉ በሙሉ ያየ ይመስለዋል። ጆርጅ ስፐርሊንግ በ1960 ለሰዎች አሥራ ሁለት ፊደላትን ለቅጽበት ብልጭ አድርጎ አሳየ። ሁሉንም አየን አሉ፤ ሲጠየቁ ግን የተናገሩት ወደ አራት ያህሉን ነው። የሚደንቀው፣ ፊደላቱ እንደጠፉ ወዲያው በድምፅ ምልክት «የላይኛውን መስመር» ወይም «የታችኛውን» ቢባሉ የተጠየቁትን መስመር አብዛኛውን መናገር መቻላቸው ነው። ስለዚህ ሁሉም ለቅጽበት ነበረ፤ ነገር ግን ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጠፋል። ከጥፋት የሚተርፈው ወደ ሰሌዳው የገባው ብቻ ነው።

በ1997 ስቲቨን ላክና ኤድዋርድ ቮግል ባለ ቀለም አራት ማዕዘኖችን ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ለሚሆን ጊዜ አሳይተው፣ ወደ አንድ ሰከንድ ያህል ባዶ ካደረጉ በኋላ መልሰው አሳዩ። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ የተለወጠ አለ ወይስ የለም? እስከ ሦስት ድረስ ሰው ብዙም አይሳሳትም። ከአራት ሲያልፍ ስህተቱ እየበዛ ይሄዳል። ሰሌዳው የሚይዘው የተወሰኑ ቦታዎች ያሉት ስለሆነ ነው ወይስ ዕቃው ሲበዛ ሁሉም እየደበዘዘ ስለሚሄድ ነው በሚለው ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ። ጠባብ መሆኑ ላይ ግን ተስማምተዋል። ሦስት፣ አራት። የተማረውም ያልተማረውም።

ቦታን በተመለከተ ደግሞ ነገ ከልጆቻችሁ ጋር ልትሞክሩት የምትችሉት ነገር አለ። ፊሊፕ ኮርሲ በካናዳ ሞንትሪያል ከብሬንዳ ሚልነር ሥር ሲማር በ1972 ያቀረበው ነው። ዘጠኝ ድንጋይ መሬት ላይ በትኑ፤ በመስመር እንዳይሆኑ። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን በጣታችሁ ንኩ፤ ልጁም በዚያው ቅደም ተከተል ይንካ። በሁለት ጀምሩና አንድ አንድ ጨምሩ። አዋቂ ሰው አምስት ወይም ስድስት ላይ ይሰናከላል። ድንጋዮቹ ፊቱ እንደተቀመጡ ናቸው፤ የጠፋው የእጁ መንገድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሰሌዳው ራሱ ሁለት ገጽ እንዳለው እናያለን። የስኮትላንዱ ሮበርት ሎጂ በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ አንደኛው ገጽ መልክንና ቀለምን የሚያስቀምጥ፣ ሌላኛው እንቅስቃሴንና መንገድን የሚያስኬድ ነው ብሎ ለየ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የአእምሮ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች ሲመረመሩ አንዱ የድንጋዮቹን መንገድ እየሳተ የሥዕሉን መልክ ሲይዝ፣ ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ሆኖ ተገኘ። ቦታ የዓይን ብቻ አለመሆኑንም እወቁ። ከልደታቸው ጀምሮ ማየት የተሳናቸው ሰዎች አንድን ቅርጽ ዳስሰው በሐሳባቸው ማዞር እንደሚችሉ በ1970ዎቹ ተረጋግጧል። ስለዚህ በመንደራችሁ ዓይነ ስውር የሆነ ልጅ ካለ «ካርታ ምን ያደርግለታል» የሚል መምህር እንዳይኖር እለምናለሁ። በጣቱ የሚዳሰስ ካርታ ይሠራለት።

ስለ ማዞር ካነሣን፣ «ሀ»ን ስትገለብጡ ጊዜ እንደፈጀባችሁ አስተውላችኋል? ሮጀር ሼፐርድና ዣክሊን ሜትዝለር በ1971 ይህንኑ ለኩት። ሁለት የተዘበራረቁ የድንጋይ ክምር የሚመስሉ ሥዕሎችን አሳይተው አንድ ናቸው ወይ ብለው ጠየቁ። አንዱ ከሌላው በዞረ ቁጥር የመልሱ ጊዜ በእኩል መጠን ይረዝም ነበር፤ በሰከንድ ወደ 60 ዲግሪ ያህል። ሰውየው በእጁ ምንም አልያዘም፤ ግን ልክ በእጁ እንደሚያዞር ሰው መካከለኛውን ሁሉ ማለፍ ነበረበት።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ግን ከሚላን ከተማ የመጣ ታሪክ ነው። ኤድዋርዶ ቢሲያክና ክላውዲዮ ሉዛቲ በ1978 የጻፉት ነው። በቀኝ የአእምሮ ክፍላቸው ጉዳት የደረሰባቸው ሁለት የሚላን ሰዎች ነበሩ፤ በግራ በኩላቸው ያለውን ነገር ልብ አይሉም። ተመራማሪዎቹ ሆስፒታል ውስጥ ሆነው የከተማውን ታላቅ አደባባይ በሐሳባቸው እንዲያዩ ጠየቋቸው። «ካቴድራሉን ፊት ለፊት እያያችሁ ቁሙ። ምን ይታያችኋል?» በቀኝ ያለውን ሕንፃና መደብር ሁሉ ዘረዘሩ፤ ግራውን ዘለሉት። «እሺ፣ አሁን ተሻግራችሁ ካቴድራሉ ደጅ ላይ ቁሙና ወደ አደባባዩ ዙሩ» ተባሉ። ያን ጊዜ ቅድም የዘለሉትን፣ አሁን ግን በቀኛቸው የሆነውን በሙሉ ተናገሩ፤ ቅድም የዘረዘሩትን ደግሞ ተዉት።

አስቡት። ከተማቸውን አልረሱም። ሁለቱንም ጎን ያውቁታል። የጎደለው እውቀቱ አይደለም፤ እውቀቱ ወጥቶ የሚዘረጋበት ሰሌዳ ግራ ጎኑ ነው የጎደለው። ስትሮክ ያገኘው አባት ወይም እናት በቤታችሁ ቢኖር፣ ከሳህኑ የግራ በኩል እንጀራ እየተረፈ «በቃኝ» ቢል፣ ግልፍ አትበሉ፤ ሳህኑን አዙሩለት። ለሐኪሙም ንገሩ።

አሁን አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይገባል፤ እኔንም ወደ ኢዲዶ ያመጣኝ ይኸው ጥያቄ ነው። ሰሌዳው ሦስት አራት ነገር ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ እዚህ ያላችሁ ገበሬዎች ያንን ሁሉ እንዴት ያዛችሁት? የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ዓለም ያደነቀው ዛፍ፣ እንሰትና ቡና በአንድ መሬት ላይ ተደራርበው መኖራቸውን ነው። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥሩ እንሰት፣ በመካከሉ ቡና፣ ከመሬቱ አጠገብ ጎመንና ጎደሬ። ለእንግዳ ዓይን ጫካ ነው። ለባለቤቱ ግን ጥላው የት እንደሚበዛ፣ የትኛው እንሰት ለመፋቅ እንደደረሰ፣ የትኛው የቡና እግር ዘንድሮ እንዳረፈ ቤቱ ተቀምጦ ይታየዋል።

ለዚህ መልስ የሚሆን ሙከራ ከቼዝ ሰሌዳ ላይ ተገኝቷል። ዊሊያም ቼዝና ኸርበርት ሳይመን በ1973 የቼዝ ሊቅንና ጀማሪን ከእውነተኛ ጨዋታ መሐል የተወሰደ ሰሌዳ ለአምስት ሰከንድ አሳይተው ከትውስታቸው እንዲደረድሩት አደረጉ። ሊቁ አብዛኛውን በቦታው አስቀመጠ፤ ጀማሪው ጥቂት ብቻ። ከዚያ ጠጠሮቹን ያለ ሥርዓት በዘፈቀደ በተኗቸው። ያን ጊዜ የሊቁ ብልጫ ጠፋ ማለት ይቻላል። ሊቁ በአእምሮው ሰፊ ሰሌዳ የለውም። ጀማሪው አምስት ጠጠር የሚያይበት ቦታ ላይ እሱ አንድ ነገር ነው የሚያየው፤ «ንጉሡ በምሽጉ ገብቷል» ብሎ ያልፋል። ያ አንድ ነገር አንድ ቦታ ብቻ ይይዝበታል። ጎበዝ የገበጣ ተጫዋችም እንዲሁ ነው፤ ከዚህ ጉድጓድ ያነሣሁት ጠጠር የት ይጨርሳል የሚለውን ጠጠር በጠጠር አይቆጥርም፣ ጉድጓዱን ሲያይ ማለቂያውን ያያል።

የጌዴኦ ገበሬም ጓሮውን በዚህ መንገድ ነው የያዘው። እግር በእግር አይቆጥርም። «የብርብራው ሥር» ሲል አሥራ አምስት የቡና እግር፣ ጥላቸው፣ እርጥበታቸው፣ አያቱ የተከሉበት ዘመን አብረው ይመጣሉ። እውቀት ሰሌዳውን አያሰፋውም፤ በእያንዳንዱ ስፍራ ላይ የሚቀመጠውን ግን ያከብደዋል። ለዚህ ነው ከሩቅ የመጣ ባለሙያ በአንድ ቀን ጉብኝት የገበሬውን መሬት ተረዳሁ ሲል የማልቀበለው። የያዘው አራት ነገር ነው፤ እያንዳንዱም ባዶ ነው።

ከቼዙ ይልቅ ለእኛ የሚቀርብ ሌላ ማስረጃ አለ። ጁዲት ኪርንስ የተባለች ተመራማሪ በ1981 ያወጣችው ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ በረሃ ያደጉ የአገሬው ተወላጅ ልጆች በትምህርት ቤት የአእምሮ ፈተና ከነጭ ልጆች ያነሰ ውጤት ያመጡ ነበር። ኪርንስ ሌላ ፈተና ሰጠቻቸው። እስከ 20 የሚደርሱ ዕቃዎችን በሰሌዳ ላይ ደርድራ ለአጭር ጊዜ አሳየቻቸው፤ ከዚያ ሰብስባ «እንደነበሩ መልሷቸው» አለች። የበረሃ ልጆች በለጡ። በተለይ ሁሉም ዕቃ ድንጋይ ሆኖ ወይም ሁሉም ጠርሙስ ሆኖ ስም መለየት ሲያዳግት ነጮቹ ልጆች ሲቸገሩ እነሱ እምብዛም አልተናወጡም። ነጮቹ ልጆች ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ስም ይደግሙ ነበር፤ የበረሃ ልጆች ግን ዝም ብለው አዩ። በአገራቸው ምልክት ለዓይን በማይበዛበት ሜዳ ላይ ውኃና መንገድ ማግኘት ዕድሜ ልካቸውን ያሠለጠናቸው ሥራ ነው።

እኔ ይህን ሳነብ በአገራችን ስንት ልጅ «ቃል አይወጣውም» ተብሎ ከኋላ ወንበር እንደተቀመጠ አሰብኩ። ከብት ሲጠፋ የትኛው ሸለቆ እንዳለ የሚያውቅ ልጅ፣ በክፍል ውስጥ የሚለካው በድምፅ ብቻ ስለሆነ ሰነፍ ይባላል። ይህ የልጁ ጉድለት አይደለም፤ የመለኪያችን ነው።

ወደ ቡና አልጋው ልውረድ፤ ከእናንተ ይበልጥ የማውቀው ስለሌለ በትሕትና ነው የምናገረው። ከጥቅምት ጀምሮ ቀይ እሸቱ ተለቅሞ ይመጣል፣ ይፈለፈላል፣ ይቦካል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ ከነቅሽሩ አልጋ ላይ ይሰጣል። በአልጋው ግራና ቀኝ እናቶችና እህቶች ይቆማሉ። የተሰበረ፣ ነፍሳት የበሳው፣ የጠቆረ፣ ያልበሰለ ፍሬ እያዩ ያወጣሉ። በዓለም ላይ «ይርጋጨፌ» የሚለው ስም ያገኘው ክብር በነዚህ ዓይኖች በኩል ያልፋል።

የሥራ ትውስታ ሳይንስ ስለዚህ ሥራ ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛው፣ ለቃሚዋ በሰሌዳዋ ላይ የምትፈልገውን ነገር መልክ ይዛ ነው የምትፈልገው። በአየር ማረፊያ የሻንጣ ፍተሻ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በመልክ የማይመሳሰሉ ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ የሚፈልግ ሰው አንዱን ብቻ ከሚፈልገው ይበልጥ ያመልጠዋል፣ ይዘገያልም። ስለዚህ አዲስ ገቢ ልጅ አልጋ ላይ ስትቆም አራቱንም ጥፋት በአንድ ጠዋት አትንገሯት። ጥቁሩን ብቻ ታውጣ። ዓይኗ ሲለምደው የተበሳው ይጨመር። አሥር ዓመት የሠራችው እናት አራቱንም በአንድ ዕይታ የምትይዘው፣ ለእሷ አራት መሆናቸው ቀርቶ «የማይሆን ፍሬ» የሚል አንድ ነገር ስለሆኑ ነው። ያ የዓመታት ሥራ ነው፤ በደመወዝም መታሰብ ያለበት እውቀት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ስለ ዘፈን ነው። አንዳንድ ኃላፊዎች በአልጋ ዳር የሚዘፈነውንና የሚወራውን እንደ መዘናጋት ያዩታል። ብሩክስን አስታውሱ። የለመዱት ዜማ የድምፁን ስፍራ ይይዛል እንጂ የዓይኑን አይነካም። ረጅሙን ቀን የሚያሳጥር፣ እንቅልፍ የሚያባርር ነገር ስለሆነ በእኔ ፍርድ ሊከለከል አይገባም። ዓይንን የሚሻማው ሌላ ነው፤ ስልክ ላይ የሚታይ ቪዲዮ ነው፣ ወይም ሰሚው ቦታውንና ሰዎቹን በሐሳቡ እንዲስል የሚያስገድድ ወሬ ነው።

ይህን የምለው ከራሴ አፍልቄ አይደለም። ባድሌይ ራሱ የሚያወሳው ገጠመኝ አለ። አሜሪካ ሳለ በመኪና እየሄደ የአሜሪካኖችን እግር ኳስ በሬዲዮ ያዳምጥ ነበር። ተጫዋቾቹ የት እንደቆሙ፣ ኳሱ ወዴት እንደሄደ በሐሳቡ እየሳለ ሳለ መኪናው ከመስመሩ መውጣት ጀመረ። ደንግጦ ጣቢያውን ወደ ሙዚቃ ቀየረው። በሬዲዮ የመጣው ድምፅ ነው፤ የተሻማው ግን መሪውን የያዘውን ሰሌዳ ነው። በዲላና በይርጋጨፌ መካከል ባለው ጠመዝማዛ መንገድ የምትመላለሱ የሞተርና የባጃጅ ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው። እጃችሁ ነጻ ሆኖ በጆሮ ማዳመጫ ብታወሩም አደጋው አልሄደም። የሚደውልላችሁ ሰው «ዕቃው የት ነው የተቀመጠው? ከየትኛው ሳጥን ሥር?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን ለማግኘት መጋዘኑን በሐሳባችሁ መሳል አለባችሁ። ያን ጊዜ ፊታችሁ ያለውን ኩርባ የሚያይ የለም። ቁሙና መልሱ። የተሳፈራችሁም ብትሆኑ ሾፌሩን ቤት አታስፈልጉት።

ለመምህራን ያስቀረሁት አለ። ልጅ ፊደል ሲቆጥር 33 በ7 የሆነ ገበታ ፊቱ ይዘረጋለታል፤ 231 ቦታ። «ሀ ሁ ሂ» እያለ በዜማ ሲወርድ ድምፁ ይሸከመዋል፤ ዓይኑ ሌላ ቦታ ቢሆን እንኳ አፉ አይሳሳትም። የጥንት የኔታዎች ይህን አውቀውታል። ለዚህ ነው አቡጊዳ ያለው፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ግዕዙን ከአንዱ ፊደል፣ ካዕቡን ከሌላው፣ ሣልሱን ከሦስተኛው እየወሰደ በሰያፍ ይሄዳል። ልጁ በለመደው ዜማ ማምለጥ አይችልም፤ የእያንዳንዱን ፊደል መልክ ማየት አለበት። የእንግሊዝ ሊቃውንት ድምፅንና መልክን ለመለየት ከመነሣታቸው ከዘመናት በፊት፣ አባቶቻችን ድምፁን አሰናክለው ዓይኑን የሚፈትኑበት ዘዴ ነበራቸው። ዛሬ በመዋዕለ ሕፃናት አቡጊዳ እየተተወ በዜማ ብቻ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ጥቁር ሰሌዳው ላይ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። ጂኦሜትሪ ስታስተምሩ ሥዕሉን ሳሉና ማብራሪያውን በአፍ ተናገሩ እንጂ ከጎኑ ረጅም ጽሑፍ አትጻፉ፤ ዓይን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አይችልም። በ1990ዎቹ አውስትራሊያ ውስጥ የተደረገ ጥናት በጂኦሜትሪ ላይ ይህንኑ ሞክሮ፣ ሥዕል እያዩ የሰሙ ተማሪዎች ሥዕልም ጽሑፍም ካነበቡት የተሻለ ሠርተዋል። የአበባን ክፍሎች ስታስተምሩ ስሙን ከክፍሉ ላይ ጻፉ፤ 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ዝርዝሩን ከታች አታድርጉት። ልጁ ቁጥሩን ይዞ ወደ ታች እስኪወርድ ያንን ጠባብ ሰሌዳ በከንቱ ሞልታችሁታል። የመጀመሪያውን ሥዕል ሳያስፈልግ ቶሎ አታጥፉ። መጽሐፍ በሌለው ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ የቆየ ሥዕል ለልጁ ከአእምሮው ውጭ ያለ ትውስታ ነው። ልጁ ሲያስብ በእጁ አየር ላይ ቢስል እጅህን ሰብስብ አትበሉት፤ እጅ የጭንቅላቱን ሸክም ያቃልላል።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ዓይኑን ሲጨፍን ምንም ሥዕል አይመጣለትም። ቅድም «ሀ»ን ስጠይቅ ጨለማ ብቻ ያያችሁ ካላችሁ አትደንግጡ፤ አዳም ዜማን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ2015 ስም ያወጣለት ሁኔታ ነው፣ በሽታም አይደለም። እነዚህ ሰዎች የቤታቸውን መስኮት ብዛት ስትጠይቋቸው ይመልሳሉ፤ ሳያዩት ቦታውን ያውቁታል። ከሰሌዳው ሁለት ገጾች የመንገዱ እንደሚሠራላቸው አድርጌ ነው የምረዳው።

በመጨረሻ ስለ ሽማግሌዎች። ይህ ሰሌዳ ከሕፃንነት እስከ ጉርምስና ያድጋል፤ በእርጅና ደግሞ ከድምፁ ይልቅ እሱ ቀድሞ ይደክማል። የሰባና የሰማንያ ዓመት አባት ለድንበር ምስክርነት ተጠርቶ በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ካርታ ሲያዩት ይደናገራሉ። ካርታው መሬቱን ከላይ ያየዋል፣ እሳቸው ከእግራቸው ነው የሚያውቁት፤ ለመመለስ መሬቱን በሐሳባቸው አንሥተው ማዞር አለባቸው፣ እሱ ደግሞ የደከመው ሥራ ነው። ወጣቱ ጸሐፊ «ረስተዋል» ብሎ ይጽፋል። አልረሱም። ድንበሩ ከጥንት ጀምሮ በረጅም ጊዜ ትውስታቸው ውስጥ አለ። ስለዚህ የቀበሌው አስተዳደር፣ የሽምግልናው አባላት፣ እዚህ ያላችሁ ሁሉ፣ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ፤ ስለ መሬት የሚመሰክር አዛውንት ካርታው ፊት አይቀመጥ። ክንዱን ይዛችሁ ቦታው ድረስ ውሰዱት፤ በሚያውቀው በኩል ይግባ፣ ዛፉንና ድንጋዩን እየነካ ይናገር፣ ጸሐፊውም እዚያው ቆሞ ይጻፍ።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ። ድንጋዮቹን ይዤ መጥቻለሁ፤ ልጆች ወደ ፊት ኑ።